ዳዊት፣ ሰባቱ ሰዓታት ወይስ መቁጠሪያ? ለሠራተኛ ምእመን የሚዘልቀው የገዳም ጸሎት የቱ ነው

ፍልሰታ ሲቃረብ፣ ወይም አንድ ሰው ገዳም ተሳልሞ ሲመለስ፣ ጥያቄው አይቀርም። «እኔም እንደ አባቶች መጸለይ እፈልጋለሁ፤ ከምን ልጀምር?» አንዱ ዳዊት ድገም ይለዋል። ሌላው ሰባቱን ሰዓታት እንዳታስታጉል ይለዋል። ሌላዋ ከቦርሳዋ መቁጠሪያ አውጥታ «ይቺን ብቻ ያዝ» ትለዋለች። ሰውየው ሁሉንም ባንዴ ይጀምራል። ወር ሳይሞላ ሁሉንም ይተዋል።

እዚህ የማወዳድረው የትኛው ጸሎት ይበልጣል ብዬ አይደለም። እሱ የእኔ ሥራ አይደለም። ጠዋት ታክሲ ለሚሰለፍ፣ ልጅ ለምታሳድግ፣ በሰው ቤት ለምትሠራ፣ ሌሊት ለሚነዳ ሰው የቱ ይዘልቃል የሚለውን ነው። የምናገረውም በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ስላለው ሥርዓትና ልማድ ነው።

መነኩሴው ያለው፣ እኛ የሌለን

በአንድነት ገዳም፣ ማለት መነኮሳት በማኅበር በሚኖሩበት፣ ያለ መነኩሴ ደወል አለው። ሲደወል ይነሳል። «ዛሬ ደክሞኛል፣ ነገ እክሳለሁ» እያለ ከራሱ ጋር አይደራደርም። አበምኔትም አለው። ምን እንደሚያነብ፣ ስንት እንደሚሰግድ፣ መቼ እንደሚያርፍ ልኩን የሚያወጣለት እሱ ነው። ደግሞ አጠገቡ የሚቆም ወንድም አለው። የአንዱ ጉልበት ሲዝል የሌላው ድምፅ ይይዘዋል።

እኛ ከገዳም የምናመጣው መጽሐፉንና ቁጥሩን ነው። ደወሉን፣ አበምኔቱንና ወንድሙን እዚያው ትተን እንመጣለን። ጸሎት ሲቋረጥ ስንፍናችንን እንወቅሳለን። እኔ ግን አብዛኛው የሚቋረጠው እነዚህ ሦስቱ ስለጎደሉ ነው ባይ ነኝ። ስለዚህ እያንዳንዱን ስመዝን የምጠይቀው ይህንኑ ነው፤ የሚያስታውሰኝ ምንድን ነው? ልኩን ማን አወጣልኝ? ከማን ጋር ነኝ?

«ይሄ የመነኮሳት ነው፣ እኛ ምን አገባን» የሚልም አለ። ፍትሐ ነገሥት ግን በ14ኛው አንቀጽ ሰባቱን የጸሎት ጊዜያት የሚያዘው ለምእመናን ሁሉ ነው። በአበው ዘንድ ከሚነገሩት አንዱም ይህ ነው። ለአባ እንጦንስ በበረሃ ሳለ በከተማ አንድ እኩያ እንዳለው ተገለጠለት። ሰውየው ሐኪም ነው። ከሚያስፈልገው የተረፈውን ለድሆች ይሰጣል። በየቀኑም ከመላእክት ጋር «ቅዱስ፣ ቅዱስ፣ ቅዱስ» እያለ ያመሰግናል። በቃ፣ ይኸው ነው። በሽተኛ እያከመ የበረሃውን አባት ተስተካከለ።

ውዳሴ ማርያም

አብዛኛው ቤት ያለችው ትንሿ መጽሐፍ ናት። ድርሰቱ የቅዱስ ኤፍሬም ሶርያዊ እንደሆነ ይነገራል። ለሰባቱ ቀናት የተከፈለ ስለሆነ ሰኞ «ፈቀደ እግዚእ» ተብሎ ይጀመራል፣ እሑድ ይፈጸማል። የዘወትር ጸሎቱን ጨምሮ ለለመደ ሰው ከሃያ ደቂቃ እምብዛም አይበልጥም።

ለጀማሪ ይህን የምመርጥበት ምክንያት እጥረቱ ብቻ አይደለም። ዕዳ አያጠራቅምም። ማክሰኞ ካመለጣችሁ ረቡዕ የረቡዕን ትጸልያላችሁ፣ አለቀ። ያለፈውን ልክፈል እያለ ሦስት ቀን ያከማቸ ሰው አራተኛው ቀን ላይ መጽሐፉን ማየት ያስፈራዋል።

ችግሩ ሌላ ነው። በቃል ከተያዘ በኋላ ከንፈር ብቻውን ይሄዳል፣ ልብ ገበያ ይወጣል። ለዚህ የሚረዳው ፍልሰታ ነው። ከነሐሴ 1 እስከ 15 በየአጥቢያው የውዳሴ ማርያም ትርጓሜ ይሰጣል። አንድ ጊዜ ቁጭ ብሎ የሰማው ሰው ዓመቱን ሙሉ ሌላ ነገር ያነብባል።

መዝሙረ ዳዊት

ከሁሉ የሚከበረው፣ ከሁሉም የሚቋረጠው ዳዊት ነው። የሳምንቱ ክፍፍል ይህ ነው፤ ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60፣ ረቡዕ ከ61 እስከ 80፣ ሐሙስ ከ81 እስከ 110፣ አርብ ከ111 እስከ 130፣ ቅዳሜ ከ131 እስከ 150። እሑድ ጸሎተ ነቢያትና መኃልየ መኃልይ ይደገማል።

ክፍፍሉን ያየ ሰው «ሰኞ ሠላሳ፣ አርብ ሃያ ብቻ!» ብሎ ይዝናናል። አርብን እስኪደርስበት ነው። በግዕዙ ቁጥር 118ኛው መዝሙር ያለው አርብ ውስጥ ነው። 176 ቁጥር አለው። አሌፍ፣ ቤት፣ ጋሜል እየተባለ ስምንት ስምንት ቁጥር ሆኖ በ22 ክፍል ይሄዳል። ከሥራ ወጥቶ፣ መንገድ ተዘጋግቶበት፣ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ዳዊቱን የገለጠ ሰው አራተኛው ክፍል ዳሌጥ ላይ እንቅልፍ ይዞት ይሄዳል።

የሰኞው ሠላሳ ለለመደ ሰው አንድ ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ግዕዙን ፊደል በፊደል እየለየ ለሚያነብ ደግሞ ከዚያ በላይ ነው። ይህን በየቀኑ ያለ ማቋረጥ የሚያገኝ ማን ነው? ጡረታ የወጣ ሰው። ልጆቿ ያደጉላት እናት። ከመንጋቱ በፊት መነሳት የለመደ፣ ማታም በጊዜ የሚተኛ ሰው። የመጨረሻዋን ነገር ብዙ ሰው ይዘላታል። መነኩሴ ሌሊት የሚነሳው ማታ ቴሌቪዥን ስለማያመሽ ጭምር ነው።

ለሌላው የምመክረው በንጉሥ መሄድን ነው። ዳዊት አሥር አሥር መዝሙር እየሆነ በ15 ንጉሥ ይከፈላል። በቀን አንድ ንጉሥ የሚደግም ሰው በ15 ቀን ይጨርሳል። ፍልሰታ ደግሞ 15 ቀን ነው። ዳዊት መድገም ለሚፈልግ ግን ላልለመደ ሰው ከዚህ የተሻለ መጀመሪያ አላውቅም፤ ነሐሴ 1 የመጀመሪያውን ንጉሥ ከፍቶ በ15 መዝጋት። ከዚያ ይቀጥል ወይም ይቅር የሚለውን መስከረም ላይ ማየት ይቻላል።

ዳዊት በራሱ ደወል የለውም። ጊዜውን ራሳችሁ ቆርሳችሁ ካልሰጣችሁት የትም አይገኝም። ጓደኛ ግን ማግኘት ይቻላል። ባልና ሚስት አንድ ቁጥር አንድ ቁጥር እየተቀባበሉ ሲደግሙ ጊዜው አይታወቅም፣ ሩጫውም ይበርዳል። ሩጫውን ካነሳሁ አይቀር፣ ሠላሳውን መዝሙር በሃያ ደቂቃ የሚጨርሱ ሰዎች አሉ። ፍጥነቱ ይደንቃል፣ ሌላ የሚደንቅ ነገር የለውም። ግዕዙ ካልገባችሁ በአማርኛ ድገሙ። ሁለቱንም ጎን ለጎን የያዘ እትም እንደ ልብ ይገኛል።

ሰባቱ ሰዓታት

ለቢሮ ሠራተኛ፣ ለተማሪ፣ ለነጋዴ እኔ የማደላው ለዚህ ነው። ሰው የሚፈራው «ሰባት ጊዜ» ሲባል ስለሚሰማ ነው። ዳዊት «ሰባት ጊዜ በቀን አመሰግንሃለሁ» ያለውን ይዞ የመጣ ሥርዓት ነው። በገዳምና በቤተ ክርስቲያን ረጅም ንባብ አለው፣ የአባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫን ሰዓታት ሌሊት ቆሞ የሰማ ያውቀዋል። ምእመኑ በየመሥሪያ ቤቱ ያንን ሁሉ አድርስ አይባልም። ሰዓቱን አስቦ አቡነ ዘበሰማያት ቢል፣ ከቻለ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» አሥራ ሁለት ጊዜ ቢጨምር፣ ሁለት ደቂቃ ነው።

እያንዳንዱ ሰዓት የሚታሰብበት ነገር አለው። ነግህ፣ ማለት የጠዋቱ፣ ጌታ በጲላጦስ ፊት የቆመበት ነው። ሦስት ሰዓት የተገረፈበት፣ መንፈስ ቅዱስም ለሐዋርያት የወረደበት። ስድስት ሰዓት የተሰቀለበት። ዘጠኝ ሰዓት ነፍሱን የሰጠበት። ሠርክ፣ ማለት የምሽቱ፣ ወደ መቃብር የወረደበት። ንዋም፣ ማለት የመኝታው፣ በጌቴሴማኒ የጸለየበት። መንፈቀ ሌሊት ደግሞ የተወለደበትም፣ የተነሣበትም፣ ዳግም የሚመጣበትም ሰዓት ሆኖ ይታሰባል።

እዚህ ላይ እኛ የተሰጠን ዕድል አለ። ሐዋርያት ሥራ ላይ ጴጥሮስ በበዓለ ሃምሳ «ከቀኑ ሦስት ሰዓት ነው» ሲል፣ ጴጥሮስና ዮሐንስ በዘጠኝ ሰዓት ለጸሎት ወደ መቅደስ ሲወጡ፣ የእኛ ሰዓት ያንኑ ይቆጥራል። ምንም ማስላት አያስፈልግም። አሜሪካ ወይም አውሮፓ ላላችሁ ስልካችሁ ጠዋት ዘጠኝ ሲል ሦስት ሰዓት ነው፣ ከሰዓት በኋላ ሦስት ሲል ዘጠኝ ነው። አንድ ጊዜ ካስተካከላችሁት ያልቃል።

ደወሉስ? የሥራ ቀኑ ራሱ ነው። ሦስት ሰዓት ላይ ሥራው ገና እየሞቀ ነው። ስድስት ሰዓት ምሳ ይቀርባል። ዘጠኝ ሰዓት ሻይ የሚያምርበት፣ ዓይን የሚከብድበት ሰዓት ነው። የቢሮው ሻይ ማፍያ ጥግ ጋ ሄዶ፣ ውሃው እስኪፈላ ግድግዳውን እያየ ቆሞ ዘጠኝ ሰዓትን ማድረስ ይቻላል። ማንም አያውቅም። ማማተቡ የሚያሳፍር ቦታ ከሆነ በልብ ይሆናል። ስልክ ላይ ማስታወሻ መሙላትም መልካም ነው፣ ብቻ ድምፅ አይኑረው። ስብሰባ መሀል በመዝሙር የሚጮኽ ስልክ ጸሎተኛ አያሰኝም።

ሁሉንም ባንዴ አትያዙ። ነግህን፣ ስድስትንና ንዋምን አስቀድሙ። ሦስቱ ጸንተው ሲቆሙ ዘጠኝ ሰዓትን ጨምሩ። መንፈቀ ሌሊትን ለመጨረሻ ተዉት። የሌሊት ፈረቃ ላለባት ነርስ ወይም ሕፃን ለምታጠባ እናት ግን ነገሩ ይገለበጣል። እሷ በዚያ ሰዓት ነቅታለች። ሌላው ታግሎ የሚያገኛትን ሰዓት እሷ ሳትፈልግ አግኝታዋለች።

ሥርዓቱን በሙላት መቅመስ የሚፈልግ ሰው ሰሙነ ሕማማትን ይጠብቅ። ከሰኞ እስከ አርብ በቤተ ክርስቲያን በየሰዓቱ ይነበባል፣ ይሰገዳል። አንድ ቀን ፈቃድ ወስዶ ከነግህ እስከ ሠርክ የቆመ ሰው ሰዓታቱ እንዴት እንደሚያያዙ ሰውነቱ ያውቃል።

መቁጠሪያ

ይህ እጁ ሥራ ለያዘ ሰው ነው። ልብስ ለምታጥብ፣ ወጥ ለምታማስል፣ ወረፋ ለሚጠብቅ። መጽሐፍ አይጠይቅም፣ ብርሃን አይጠይቅም፣ ማንበብም አይጠይቅም። የተለመደው ባለ 41 ፍሬ ነው፣ በየፍሬው «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ይባላል።

ዓረብ አገር በሰው ቤት የምትሠራ እህት መጽሐፍ ገልጣ የምትቆምበት ሰዓትም ቦታም ላይኖራት ይችላል። መቁጠሪያውንም መያዝ ላትችል ትችላለች። እሷ ጣቶቿ አሏት። አውራ ጣትን ትታ የአራቱን ጣቶች አንጓ ብትቆጥር ሦስት ሦስት ሆኖ አሥራ ሁለት ነው። ሦስት ዙር ሠላሳ ስድስት ይሆናል። አምስቱን ጣት ስትጨምር 41 ሞላ። ሰሃን እያጠቡም ሆነ ብርድ ልብስ እያጠፉ ይሄዳል። ከሁሉም ምርጫ ማንም ሊነጥቃት የማይችለው ይህ ነው፣ በዚህ ሚዛን ካየነው አንደኛ ነው።

ድክመቱ ለታይታ መቅረቡ ነው። አንገት ላይ፣ እጅ ላይ፣ መኪና መስታወት ላይ ተንጠልጥሎ ውሎ አንዴም የማይቆጠር ሞልቷል። የታክሲና የኡበር ሾፌሮችም ብትሆኑ መሪ እንደያዛችሁ ፍሬ አትቁጠሩ፤ ቃሉ ይበቃል። ሌላው አደጋ ቁጥሩ ራሱ ግብ መሆኑ ነው። «ዛሬ አምስት መቶ አደረስኩ» የሚል ሰው ልኩን ማን እንዳወጣለት ጠይቁት።

ኪዳን

ብዙ ሰው ከምርጫው ውስጥ የማያስገባው ይህን ነው፣ እኔ ግን ቤተ ክርስቲያን አጠገቡ ላለ ሰው ከሁሉ አስቀድመዋለሁ። በየአጥቢያው ጠዋት ኪዳን የሚባለው የኅብረት ጸሎት ይደርሳል። አዲስ አበባ ውስጥ ኪዳን አድርሶ በዚያው ወደ ሥራ የሚሄድ ነጠላ ለባሽ ብዙ ነው። ደወሉ የእውነት ደወል ነው። ልኩን ካህኑ ያውቀዋል። አጠገባችሁም ሰው ቆሟል። መነኩሴው ያሉት ሦስቱም ነገሮች እዚህ ተሟልተዋል፣ ለዚያውም ከሥራ ሳትቀሩ።

በውጭ አገር ይህ ይከብዳል። ቤተ ክርስቲያኑ ሩቅ ነው፣ በአዘቦት ቀን የሚከፈትበትም ሁሉም ቦታ አይደለም። እዚያ ላላችሁ ሰባቱ ሰዓታት ይሻላችኋል።

ስግደትና ሱባኤ፦ ሳይጠየቅ የማይገባበት

እስካሁን ያነሳሁትን ማንም በራሱ ቢጀምር ብዙ አይጎዳም። እነዚህ ሁለቱ ግን የንስሐ አባት ይፈልጋሉ።

ስግደት ጊዜ አለው። በእሑድና በበዓለ ሃምሳ የንስሐ ስግደት የለም፣ ከቆረቡ በኋላም አይሰገድም። ይህን ሳያውቅ በየቀኑ መቶ እሰግዳለሁ ብሎ የተሳለ ሰው ሥርዓቱን እያፈረሰ ይሰግዳል። ጉልበትና ወገብም አለ። ነፍሰ ጡር፣ የደም ግፊት ያለበት፣ ቀዶ ጥገና ያደረገ ሰው በቁጥር አይፎካከርም። መቆምም፣ አንገት ማጎንበስም ለእሱ ስግደት ነው።

ሱባኤ፣ ማለት ለተወሰኑ ቀናት ተለይቶ መጾምና መጸለይ፣ ደግሞ የዓመት ፈቃድ ይበላል። በፍልሰታ ወደ ገዳም ወርዶ በቆሎና በበሶ መሰንበት ብዙዎችን ቀይሯል። ግን ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ያገባችሁ ከሆናችሁ ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 7፥5 ለጸሎት መለየት በስምምነትና ለጊዜው መሆኑን አጥብቆ ነው የጻፈው። ሚስቱን ሦስት ልጅ አስይዞ «ሱባኤ ገባሁ» የሚል ባል ተግሣጽ እንጂ ምርቃት አይገባውም። ሁለተኛ፣ የገዳሙን ማዕድ ወደ ቤታችሁ አታምጡ። በዋልድባ ገዳም እህል አይበላም፣ አባቶች የሚመገቡት ቋርፍ የሚባል እህል ያልሆነ ምግብ ነው። እነሱ በዚያ ሥርዓት ኖረዋል። በቋርፍ ወሬ ተነሳስቶ ባዶ ሆዱን ግንባታ ላይ የሚወጣ ሰው ይወድቃል። የስኳር ወይም የጨጓራ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ለአባቱም ለሐኪሙም ሳይናገር አይግባ።

ሱባኤ የዕለቱን ጸሎት አይተካም። ከሱባኤ የሚመለስ ሰው ቤቱ የሚጠብቀው የዕለት ጸሎት ከሌለ መስከረም ሲጠባ ከነበረበት ይገኛል።

መጽሐፈ መነኮሳትስ?

መጽሐፈ መነኮሳት የሚባሉት ሦስቱ መጻሕፍት፣ ማር ይስሐቅ፣ ፊልክስዩስና አረጋዊ መንፈሳዊ፣ በትርጓሜ ታትመው ይገኛሉ። ማንበቡ መልካም ነው። ብቻ የተጻፉት ዓለምን ትቶ ለወጣ ሰው ነው። «ከሰው ተለይ፣ ዝም በል» የሚለውን ምክር ይዞ ቤተሰቡን ያኮረፈ ወጣት አይቻለሁ። ከመምህር ጋር አንብቡት፣ አለዚያ ይቆያችሁ።

እንግዲህ የቱን?

ምንም ልምድ ከሌላችሁ ውዳሴ ማርያም። ቤተ ክርስቲያን በእግር የምትደርሱ ከሆነ ኪዳን፣ ማታ ደግሞ ንዋም። ቢሮ የምትውሉ ከሆነ ከሰባቱ ሦስቱ። ጊዜያችሁ የእናንተ ካልሆነ አንጓችሁን ቁጠሩ። ጠዋታችሁ ጸጥ ያለ ከሆነ ዳዊት፣ ያውም በንጉሥ ጀምራችሁ። ሁለት መደራረብ ያማራችሁ ደግሞ አንዱን ቢያንስ ከአንድ ጾም እስከሚቀጥለው ጾም ይዛችሁ እዩት።

ከዚያ ወደ ንስሐ አባታችሁ ሂዱ። ውጭ አገር ያላችሁ ደውሉላቸው። «አባቴ፣ ጸሎት ልጀምር ነበር» ብቻ አትበሉ፣ «በርቺ ልጄ» ብለው ይሸኟችኋል። ስንት ሰዓት እንደምትነሱ፣ ስንት ሰዓት እንደምትገቡ፣ ማን አብሯችሁ እንደሚኖር፣ ምን መድኃኒት እንደምትወስዱ ንገሯቸው። የመረጣችሁትንም ንገሯቸው፣ ያሳንሱላችሁ ይሆናል። ደግሞ ሁለት ጥያቄ ጨምሩ፤ «ስታመም የቱን ልተው? ሳስታጉል ምን ላድርግ?» መልሱን በጸሎት መጽሐፋችሁ ሽፋን ውስጥ ጻፉት፤ ሲያመልጣችሁ እዚያ ታገኙታላችሁ።